ጠባቂው

በሰፈራችን ቡድን ሁለተኛ በረኛ ነበርኩ። ሁለተኛ በረኛ ማለት ከጎሉ ጀርባ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የወጣ ኳስ እየሮጠ የሚያመጣ ልጅ ነው። አጥቂ ሲደክመው ይቀየራል። አማካይም ይቀየራል። በረኛ ግን ካልተጎዳ አይቀየርም። ስለዚህ አንተ የምትገባው ጓደኛህ ሲወድቅ ብቻ ነው። ይሄን የሚያውቅ ልጅ ልቡ ለሁለት ይከፈላል። መጫወት ይፈልጋል። ጓደኛው እንዲጎዳ ግን አይፈልግም።

አንድ ቅዳሜ የኛ በረኛ ከአጥቂ ጋር ተጋጭቶ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ደግፈው ሲያወጡት ጓንቱን አውልቆ ሰጠኝ። ቡድናችን ያለው አንድ ጥንድ ጓንት ብቻ ነበር። እጄን ሳስገባ ውስጡ በሱ ላብ ረጥቧል፤ ገና ይሞቃል። እኔ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰውነቴ በርዷል። እጄ ብቻ በሌላ ሰው ሙቀት ውስጥ ነበር። ያ ስሜት እስካሁን አልለቀቀኝም።

ስለ ስፔናዊው በረኛ ኢከር ካሲያስ ሳስብ ሁሌም ከዚያ ጓንት ነው የምነሳው። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ ዋንጫ ይቆጥራል። የሚቆጠርም ብዙ አለ። አንድ የዓለም ዋንጫ፣ ሁለት የአውሮፓ ዋንጫ፣ ሦስት ቻምፒየንስ ሊግ፣ አምስት ላ ሊጋ። ለሪያል ማድሪድ 725 ጨዋታ፣ ለስፔን 167። እኔ ግን የማስበው ወንበር ላይ ስላሳለፈው ጊዜ ነው። ቋንቋችን "ግብ ጠባቂ" ሲል ትልቅ ነገር ይዟል። ጠበቀ ማለት ተከላከለ ነው። ጠበቀ ማለት ደግሞ ታግሶ ቆየ ነው። ካሲያስን የወደድኩት ለሁለቱም ነው።

ያደገው ሞስቶሌስ ነው። ከማድሪድ ወጣ ብላ ያለች፣ ሠርቶ አደር የሚበዛባት ከተማ ናት። የቤተሰቦቹ አገር ደግሞ በአቪላ ግዛት ያለች ናቫላክሩዝ የምትባል ትንሽ መንደር ናት። ማድሪድ ዚዳንን፣ ፊጎን፣ ሮናልዶን እየገዛ "ጋላክቲኮስ"፣ የጋላክሲ ከዋክብት ሲባል፣ እሱ ግን እኔ ጋላክቲኮ አይደለሁም፣ የሞስቶሌስ ልጅ ነኝ ይል ነበር። በክለቡ የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው ያደገው።

ኅዳር 1997 (ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው) የ16 ዓመት ተማሪ ነበር። የቴክኒክ ስዕል ክፍለ ጊዜ ላይ እያለ ከክፍል ተጠራ። የማድሪድ ዋና ቡድን በረኛ አጥሮታል፣ ቶሎ ና ተባለ። ቡድኑ ለቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ወደ ኖርዌይ፣ ወደ ትሮንድሃይም ሊበር ነው። ጠዋት ደብተር ይዞ ከቤት የወጣ ልጅ ከነዚያ ሁሉ ታላላቅ ተጫዋቾች ጋር አውሮፕላን ላይ ወጣ። በሮዘንቦርግ ተሸነፉ። እሱ አልገባም። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አየ።

የሚገባበት ቀን የመጣው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። መስከረም 12 ቀን 1999፣ ቢልባኦ፣ ሳን ማሜስ። ጀርመናዊው ቦዶ ኢልግነር ተጎድቶ ነበር። ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። በዚያው የውድድር ዓመት መጨረሻ፣ ግንቦት 24 ቀን 2000፣ ፓሪስ ላይ በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ጎል ስር ቆመ። 19 ዓመት ከሞላው ገና አራት ቀኑ ነበር። በዚያ ፍጻሜ ከሱ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ በረኛ አልቆመም። ማድሪድ ቫሌንሲያን 3 ለ 0 አሸነፈ።

ተረቱ እዚህ ቢያልቅ ያምር ነበር። ግን በ2002 ቦታውን አጣ። አሰልጣኙ ቪሴንቴ ዴል ቦስኬ ሴዛር ሳንቼዝን መረጡ። በ19 ዓመቱ ቻምፒየንስ ሊግን የበላ ልጅ በ20 ዓመቱ ተመልሶ ተቀያሪ ሆነ። ይሄ ከመጀመሪያው መጠበቅ የባሰ ነው። ተማሪ ሆነህ ስትጠብቅ ያጣኸው ነገር የለም። አንዴ ቀምሰህ ከተነሣህ በኋላ ግን ጨዋታውን በሙሉ ታውቀዋለህ። እያንዳንዱ ኳስ ሲመጣ እግርህ ወንበሩ ስር ይንቀሳቀሳል።

ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ግላስጎው፣ ሃምደን ፓርክ። ሌላ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ። ራውል ለማድሪድ አገባ፣ ሉሲዮ ለባየር ሌቨርኩሰን አቻ አደረገ። ከዕረፍት በፊት ዚዳን ያቺን በግራ እግሩ የመታትን ኳስ አስቆጠረ። ሰው ሁሉ ያንን ጨዋታ በዚያች ጎል ነው የሚያስታውሰው። ልክ ነው፣ እንዲያ ያለ ጎል በየዓመቱ አይታይም። እኔ ግን የማየው 68ኛውን ደቂቃ ነው። ሴዛር ተጎድቶ መቀጠል አልቻለም። ካሲያስ ተነሣ። የማሊያው እጅጌ ረጅም ነበርና በመቀስ ተቆረጠለት። ያንን መቀስ ሳስብ ጓንቴ ትዝ ይለኛል። ያንተ ቀን ይሆናል ብሎ ያዘጋጀልህ ሰው የለም። ልብስህ እንኳን ቆመህ ነው የሚስተካከለው።

ከዚያ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች መጡ። ሌቨርኩሰን በሙሉ ኃይሉ ወጣ። የጀርመኖቹ በረኛ ሳይቀር ወደ ማድሪድ ጎል መጣ። ካሲያስ አንዱን መለሰ። ሌላውን መለሰ። ቤርባቶቭ በቅርብ ርቀት የመታትን በእግሩ አወጣት። ፊሽካው ሲነፋ አለቀሰ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። ልክ ከአምስት ቀን በኋላ 21 ዓመት ሊሞላው ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ሆነ። የስፔን ብሔራዊ ቡድን አንደኛ በረኛ ሳንቲያጎ ካኒዛሬስ ከዓለም ዋንጫው በፊት ሆቴል ውስጥ የሽቶ ጠርሙስ አመለጠው። ስባሪው እግሩን ቆርጦ ጅማቱን ጎዳው። ለዓለም ዋንጫ የተዘጋጀ ሰው በጠርሙስ ቀረ። ቦታው ለካሲያስ ሆነ። ኮሪያ ላይ ከአየርላንድ ጋር ሲጫወቱ በጨዋታው መሀል አንድ ፔናሊቲ አዳነ፣ በመለያ ምቱ ደግሞ ሁለት። ስፔኖች "ሳን ኢከር"፣ ቅዱስ ኢከር እያሉ ይጠሩት ጀመር።

እኔ ግን ያንን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ስለ ካኒዛሬስ አዝናለሁ። ኢልግነር ተጎዳ፣ ካሲያስ ገባ። ሴዛር ተጎዳ፣ ካሲያስ ገባ። ካኒዛሬስ ተቆረጠ፣ ካሲያስ ገባ። ጥፋቱ አይደለም። የበረኛ በር እንዲህ ነው የሚከፈተው። ይሄ በር በሌላ ቀን በሱም ላይ እንደሚከፈት ግን ያኔ ማንም አላሰበም።

ስለ አጨዋወቱ አንድ ነገር ልበል። ካሲያስ እንከን የሌለው በረኛ አልነበረም። ለበረኛ ረጅም የሚባል ሰው አይደለም። ከጎን የሚሻገር ከፍ ያለ ኳስ ሲመጣ ያመነታ ነበር። እንደ ዛሬዎቹ በረኞች በእግሩ ኳስ እያቀበለ ጨዋታ አይሠራም። የሱ ስጦታ መስመሩ ላይ ነበር። ሌላው በረኛ ጎል ገባ ብሎ ተስፋ በሚቆርጥበት ቅጽበት እሱ ገና መጀመሩ ነው። ጥቅምት 2009 ሴቪያ ሜዳ ላይ ያደረገውን ያላየ ይፈልገውና ይየው። ኳሷ ከአንዱ ጎን ተሻግራ በሌላው ቋሚ በኩል ፔሮቲ እግር ላይ ደረሰች። ጎሉ ባዶ ነው። ካሲያስ በተቃራኒው ቋሚ ጋ ነበር። እየሮጠ፣ መስመሩን እንደ ድልድይ ተሻግሮ፣ ራሱን ወረወረና አወጣት። ማድሪድ ያን ጨዋታ 2 ለ 1 ተሸንፏል። በተሸነፉበት ቀን የሠራውን እንዲህ የማስታውሰው በረኛ ሌላ የለኝም።

ወደ 2010 የዓለም ዋንጫ ልምጣ። ደቡብ አፍሪካ። በነገራችን ላይ አፍሪካ ለዚህ ሰው ገድ ናት። በ1997 ግብጽ ላይ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ተጫውቷል። በ1999 ናይጄሪያ ላይ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ከወሰደው የስፔን ቡድን ጋር ነበር። በሁለቱም ጉዞ ከባርሴሎና የመጣ ዣቪ የሚባል ልጅ አብሮት ነበር። ይሄን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ደቡብ አፍሪካ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ ስፔን በስዊዘርላንድ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ያኔ ጓደኛው የነበረችው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ከጎሉ ጀርባ ቆማ ስለነበር ጥፋቱ በሷ ተላከከ። አእምሮውን በትነሽበታል ተባለች። በጣም ያሳፍር የነበረ ወሬ ነው። ሴትየዋ ሥራዋን እየሠራች ነበር።

ሩብ ፍጻሜ ላይ ከፓራጓይ ጋር 0 ለ 0 እያሉ ፔናሊቲ ተሰጠባቸው። ኦስካር ካርዶዞ ሊመታ ቆመ። ካሲያስ ወደ ግራው ወድቆ ኳሷን ያዛት፤ መለሳት ሳይሆን ጭምቅ አድርጎ ያዛት። ከዚህ ጀርባ ያለውን ታሪክ ሳውቅ እንባዬ መጣ። ፔፔ ሬይና የሊቨርፑል በረኛ ነበር። ከሦስት ወር በፊት ካርዶዞ ቤንፊካ ሆኖ በአንድ ጨዋታ ሁለት ፔናሊቲ አግብቶበታል። ሬይና ያንን ሕመም አልረሳውም። ካርዶዞ ወዴት እንደሚመታ ለካሲያስ ነገረው። ሬይና በዚያ ዓለም ዋንጫ አንድ ደቂቃ አልተጫወተም። የገባበትን ጎል ለጓደኛው እውቀት አድርጎ ሰጠው። ካሲያስም ከጨዋታው በኋላ ምስጋናውን ለሬይና ነው የሰጠው።

ፍጻሜው ሐምሌ 11 ነበር፤ በኛ ሐምሌ 4 ቀን 2002። የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሞልቷል። ጨዋታው የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። እኔ በሩ አጠገብ፣ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ጋሼ፣ በዕድሜ የገፉ የሆላንድ ደጋፊ ናቸው። "በ74 ተሸነፍን፣ በ78 ተሸነፍን፣ ዛሬስ የኛ ነው" ይላሉ።

62ኛው ደቂቃ። ስናይደር ኳሷን በመሀል ሰነጠቃት። አርየን ሮበን ብቻውን ሄደ። ቤቱ በሙሉ ቆመ። ጋሼ "አለቀ!" አሉ። ካሲያስ ወጣ። ሮበን እስኪወስን ጠበቀው። ሮበን መታ፣ ካሲያስ በሌላው በኩል እየወደቀ ነበር። አካሉ ሄዷል። ወደ ኋላ የቀረችው ቀኝ እግሩ ብቻ ናት። ኳሷ የዚያችን እግር ጫፍ ነክታ ከቋሚው ውጭ ወጣች። ቤቱ ውስጥ ለአንድ አፍታ ድምፅ ጠፋ። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "ልጄ፣ እንዴት አወጣው?" ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

በ116ኛው ደቂቃ ኢኒየስታ አገባ። ካሜራው ወደ ካሲያስ ሲዞር ጨዋታው ሳያልቅ እያለቀሰ ነው። ዋንጫውን ያነሣው አምበሉ እሱ ነው። አሰልጣኙ ደግሞ በ2002 ከቦታው ያነሡት ዴል ቦስኬ ነበሩ።

አሁን ወደ ዣቪ ልመለስ። በነሐሴ 2011 ማድሪድና ባርሳ በስፔን ሱፐር ካፕ ተገናኙ። መጨረሻው ድብድብ ሆነ። የማድሪዱ አሰልጣኝ ጆዜ ሞሪንሆ የባርሳውን ምክትል አሰልጣኝ ዓይን በጣቱ ወጋ። የሁለቱ ክለብ ልጆች በብሔራዊ ቡድን አንድ ክፍል የሚለብሱ ወንድሞች ናቸው፤ አሁን ግን ጥርስ ተናክሰዋል። ካሲያስ ስልክ አንሥቶ ለዣቪ ደወለ። ሊያስታርቅ። በኛ አገር ይሄ ሽምግልና ነው፣ የሚመሰገን ነገር ነው። በማድሪድ ግን ሁሉም እንደዚያ አላየውም። ለጠላት የሚደውል አምበል ያሉት ነበሩ። በዓመቱ ሁለቱ ልጆች የአስቱሪያስ ልዑል የስፖርት ሽልማትን አንድ ላይ ተቀበሉ። ያ ስልክ ዋጋ እንዳስከፈለው ግን አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ከሞሪንሆ ጋር የነበራቸው ነገር እየሻከረ ሄደ።

ይሄ ሰው በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ስፔን ጣሊያንን 4 ለ 0 እየመራች፣ ጎሉ አጠገብ የቆመውን ዳኛ ጨዋታውን አቁሙት፣ ተጋጣሚያችንን አክብሩ ብሎ የለመነ ሰው ነው። አስቡት። ዋንጫው በእጁ ነው። እሱ የሚያስበው ስለተሸነፉት ነው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 22 ሞሪንሆ ከማላጋ ጋር በነበረው ጨዋታ አስቀመጡት። ወር ያህል ቆይቶ፣ ጥር 23 ቀን 2013 ቫሌንሲያ ሜዳ ላይ የገዛ ጓደኛው አርቤሎዋ ኳስ ሊያወጣ ሲል ግራ እጁን መታው። አጥንቱ ተሰበረ። ክለቡ ቶሎ ብሎ ዲዬጎ ሎፔዝን ከሴቪያ አመጣ። ሎፔዝ ጎበዝ በረኛ ነው፣ ቦታውን ይዞ ቀረ። የካሲያስ እጅ ሲድን ቦታው አልጠበቀውም። በሩ በሱ ላይ ተከፈተ።

አዲሱ አሰልጣኝ አንቼሎቲ ሲመጡ ለሁለት ከፈሉት። ላ ሊጋ ለሎፔዝ፣ ቻምፒየንስ ሊግና የንጉሡ ዋንጫ ለካሲያስ። የዓለም ሻምፒዮን አምበል በየሳምንቱ ካፖርት ለብሶ ወንበር ላይ ይታይ ነበር። ካሜራው ሁሌ ፊቱን ይፈልገዋል። እሱ ተቆጥቶ ጠርሙስ ሲወረውር አላየሁም። ሎፔዝን በአደባባይ ሲያጣጥል አልሰማሁም።

ግንቦት 24 ቀን 2014፣ ሊዝበን። ከፓሪሱ ፍጻሜ ልክ 14 ዓመት። ተጋጣሚው አትሌቲኮ ነው። በ36ኛው ደቂቃ አንድ ኳስ ወደ ላይ ተሻገረች። ካሲያስ ወጣ። ከዚያ አመነታ። ጎዲን በጭንቅላቱ ከላዩ አሳለፋት። ወደ ኋላ ሮጦ በእጁ ሲያወጣት መስመሩን አልፋ ነበር። ማድሪድ አሥረኛውን ዋንጫ ለ12 ዓመት ሲጠብቅ ኖሮ በአምበሉ ስህተት ሊያጣው ነው። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ የማየው እሱን ብቻ ነበር። አጥቂ ቢሳሳት ሮጦ ያካክሳል። በረኛ ምን ያደርጋል? ይቆማል። ሌላ ሰው እስኪያድነው ይጠብቃል። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ ቆመ። በ93ኛው ደቂቃ ሞድሪች የማዕዘን ምት አሻማ፣ ራሞስ በጭንቅላቱ አገባ። በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 1 አለቀ።

በዚያው ዓመት ዓለም ዋንጫ፣ ብራዚል ላይ የሆነውን ብዙ አልተርክም። ሆላንድ 5 ለ 1 አሸነፈቻቸው። ቫን ፐርሲ ኳስ ከእግሩ ስር ነጠቀው። ሮበንም የአራት ዓመት ዕዳውን በሁለት ጎል ከፈለ። ማድሪድ ሲመለስ የገዛ ሜዳው ደጋፊ ፉጨት ጀመረበት። ኳስ በነካ ቁጥር ያፏጩበት ነበር። ይሄን ይቅር ማለት እስካሁን ከብዶኛል። ደጋፊ የመናደድ መብት አለው፣ አልክድም። ግን በልጅነቱ የመጣ፣ እዚያው ያደገ፣ ማሊያቸውን ለብሶ ያለቀሰላቸው ሰው ነው።

ሐምሌ 12 ቀን 2015 በርናቤው የጋዜጣዊ መግለጫ ክፍል ገባ። ብቻውን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከጎኑ ፕሬዚዳንት የለም፣ ጓደኛ ተጫዋች የለም። ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ተቆረጠ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ተቆረጠ። ከጎበዝ በረኛነቱ ይልቅ ጥሩ ሰው ተብሎ መታወስ እንደሚፈልግ ተናገረ። በማግስቱ ክለቡ ዋንጫዎቹን ደርድሮ ሌላ ሽኝት አደረገለት። በሰው ዓይን የቀረው ግን ያ ብቸኛ ወንበር ነው።

ፖርቶ ተቀበለው። እዚያ ዳግም ተከበረ፣ በ2018 የፖርቹጋልን ሊግ በላ። ግንቦት 1 ቀን 2019 ልምምድ ላይ እያለ ድንገተኛ የልብ ሕመም ያዘው። 38 ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት አልቀረውም። በዚያው ቀን ከሆስፒታል አልጋው ፈገግ ብሎ ፎቶ ላከ። ትልቅ ድንጋጤ ነበር፣ ኃይሌ ግን አልጠፋም አለ። ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። ማቆሙን በይፋ የተናገረው ነሐሴ 4 ቀን 2020 ነው። 15 ወር። የመጨረሻ ጨዋታውን ሲጫወት የመጨረሻው መሆኑን አላወቀም። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ወደ ማድሪድ ተመለሰ፣ በክለቡ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሊሠራ።

አንዳንድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የግላስጎውን ጨዋታ እከፍታለሁ። ከዚዳን ጎል አልጀምርም። ከዕረፍት መልስ፣ ሴዛር ገና ሳይጎዳ ያለውን ነው የማየው። ጨዋታው ወዲህና ወዲያ ይላል። ካሜራው የማድሪድን ወንበር አያሳይም። መቀሱን ያመጣ ሰውም ገና የለም። ግን ልጁ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ፣ እጅጌው ረጅም ነው፣ እግሩ ወንበሩ ስር ይንቀሳቀሳል።